የሐር ትል አራቱ እንቅልፎች፦ ከአርቢዎች ሙያ እስከ ነፍሳት በሽታ መከላከያ ጥናት

የሐር ትል እርባታ፣ እንደ ንብ እርባታ ሁሉ፣ ሰው ነፍሳትን ለጥቅሙ ካዋለባቸው ጥንታዊ ሙያዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ንብ አርቢ ቀፎውን ሰቅሎ የቀረውን ለንቦቹ ሲተው፣ ሐር አርቢ ግን ትሉን ከእንቁላል ጀምሮ ሐር እስኪያደራ ድረስ በእጁ እየመገበ፣ ዕድሜውን በቀን እየቆጠረ፣ ከአንዱ የዕድገት ደረጃ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ሰዓት እየጠበቀ ማሳደግ አለበት። ትሉ ከተፈለፈለ በኋላ ባሉት ሠላሳ ያህል ቀናት ውስጥ አራት ጊዜ መብላቱን ያቆምና ራሱን ቀና አድርጎ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ ከዚያም አሮጌ ቆዳውን ጥሎ በአዲስና ሰፋ ባለ ቆዳ ይወጣል። አርቢዎች ይህን ጊዜ «እንቅልፍ» ሲሉት፣ እንቅልፎቹ የሚለያዩአቸውን አምስት የመብል ዘመናት ደግሞ «ዕድሜ» ብለው ይቆጥራሉ።

ይህ አቆጣጠር ለሥራ ምቾት ብቻ የተበጀ አልነበረም። ልምድ ያለው አርቢ በሽታን የሚያውቀው በምልክቱ ብቻ ሳይሆን በሚመጣበት ዕድሜ ጭምር ነበርና፣ «ከአራተኛው እንቅልፍ በኋላ» የሚለው አነጋገር ለእርሱ የጊዜ ስም ብቻ ሳይሆን የስጋትም ስም ነበር። ነፍሳት ባክቴሪያን እንዴት እንደሚከላከሉ የሚመረምረው ሳይንስ ሥር የሰደደው በዚሁ ሙያ ውስጥ ነው፤ ታሪኩም ደረጃ በደረጃ ሲታይ፣ ዋና ዋናዎቹ ግኝቶች የተገኙት በማደግ ላይ ካለው እንስሳ፣ ማለትም ከእጩ (ከትሉ)፣ በእጭና በክንፋማው መካከል ካለው ከፑፓውና ከፅንሱ መሆኑን ያሳያል። የነፍሳት መከላከያ አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንደሚቀመጥ ጋሻ ሳይሆን ከአካሉ ጋር እየተሠራ፣ እየፈረሰና እንደገና እየታነጸ የሚሄድ በመሆኑ፣ የዕድገትና የመከላከያ ታሪክ ተለያይቶ ሊነገር አይችልም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐር ወደ ምዕራብ

በሳይንሳዊ ስሙ ቦምቢክስ ሞሪ የሚባለው የሐር ትል የተገራው በቻይና ሲሆን፣ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት እርባታ ከሰው እጅ ጋር እጅግ ከመጣበቁ የተነሣ፣ ክንፍ አውጥቶ የእሳት እራት ከሆነ በኋላ እንኳ መብረር አይችልም። ምግቡ የሾላና የዋርካ ወገን ከሆነው ከመልበሪ ዛፍ የሚቀጠፍ ቅጠል ነው። ቻይናውያን የእርባታውን ምሥጢር ለረጅም ዘመናት ስለጠበቁ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው ክሩና ጨርቁ እንጂ ትሉ አልነበረም፤ ወደ ሮማውያን የሚደርሰውም በአብዛኛው በፋርስ ነጋዴዎች እጅ አልፎ ነበር። የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ እንደመዘገበው፣ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ531 አካባቢ ወደ አክሱም መልእክተኛ ልከው፣ በዙፋን ስማቸው እለ አጽብሐ የተባሉት ዐፄ ካሌብ ሐሩን ከሕንዶች ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡ ጠይቀዋል፤ በዚህም አክሱም ትርፉን ታገኛለች፣ ሮማውያንም ገንዘባቸውን ለጠላታቸው ከመክፈል ይድናሉ የሚል ነበር ሐሳቡ። አክሱማውያኑ ቢስማሙም ነገሩ አልሠመረም፤ የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች መጀመሪያ በሚያርፉባቸው ወደቦች ላይ ተገኝተው ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙት ነበርና። መፍትሔው የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ552 አካባቢ፣ መነኮሳት የትሉን እንቁላል ራሱን ወደ ቁስጥንጥንያ ባመጡ ጊዜ ነው። ክሩን ብቻ ይገዛ የነበረው ዓለም ከዚያ ወዲህ ትሉንም፣ ከትሉም ጋር በሽታውን ወረሰ።

ሙያው በሜዲትራኒያን ዙሪያ ተስፋፍቶ ከጊዜ በኋላ በደቡብ ፈረንሳይ በሴቬን ተራሮች ሥር ሰደደ። በ1709 የጣለው ከባድ ውርጭ የወይራና የደረት ነት ዛፎችን በፈጀ ጊዜ የአካባቢው ገበሬ በምትካቸው መልበሪ በመትከሉ፣ በቀጣዩ መቶ ዓመት ዛፉ «የወርቅ ዛፍ» የሚል ስም እስኪያተርፍ ድረስ የአገሩ ኑሮ መሠረት ሆነ።

በማሳደጊያው ቤት

የሴቬን ገበሬ ለትሎቹ ለብቻው የተሠራ፣ ምድጃዎችና የአየር መተላለፊያዎች ያሉት ከፍ ያለ ቤት ነበረው። በጸደይ የመልበሪው እምቡጥ ሲፈነዳ የቤቱ ሴቶች «ዘር» የሚሉትን እንቁላል በትናንሽ የጨርቅ ከረጢቶች ቋጥረው ቀን በልብሳቸው ሥር፣ ሌሊት በመኝታቸው ውስጥ በሰውነታቸው ሙቀት ያሞቁት ነበር። የንግዱ መለኪያ የሆነው 25 ግራም ዘር ከ35 ሺህ የማያንሱ እንቁላሎችን ይይዛል። ከዚህ የሚወጡት እንደ ክር ቁራጭ የቀጠኑ ጥቁር ትሎች በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ክብደታቸው እስከ 10 ሺህ እጥፍ ይጨምራል፤ ከሚበሉት ቅጠል አብዛኛውን የሚጨርሱት ከአራተኛው እንቅልፍ በኋላ ባለው በመጨረሻው ዕድሜ በመሆኑ፣ በዚያ ሳምንት ቤተሰቡ ሌሊትና ቀን ሳይለይ ቅጠል ሲያመላልስ ይሰነብታል፤ የትሎቹም አኘካክ በጣራ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ከሩቅ ይሰማል። ከዚያም መደርደሪያዎቹ ላይ የደረቁ ቁጥቋጦዎች ይተከሉና ትሎቹ ወደ ላይ ወጥተው ኮኮን የሚባለውን የሐር ቤት በዙሪያቸው ያደራሉ፤ ከአንዱ ኮኮን የሚመዘዘው ክር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ወጪው ሁሉ፣ ቅጠሉም፣ ማገዶውም፣ ጉልበቱም፣ የሚያልቀው በዚህ በመጨረሻው ሳምንት ስለሆነ፣ በሁለተኛው ዕድሜ የመጣ በሽታ ዘርን ብቻ ሲያጠፋ በአምስተኛው ዕድሜ የመጣ በሽታ ግን የዓመቱን ኑሮ ይዞ ይሄድ ነበር። አርቢው ዕድሜንና በሽታን አጥብቆ ያያያዘው ከዚህ የተነሣ ነው።

በርበሬ የመሰለው በሽታ

በሐር ትል ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ የበሽታ ምርምር የጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ ነው። በሎዲ አካባቢ ይኖር የነበረው ባሲ፣ ትሎችን ገድሎ ሬሳቸውን እንደ ኖራ ነጭና ደረቅ የሚያደርገው በሽታ በዐይን በማይታይ ፈንገስ የሚመጣና ከትል ወደ ትል የሚተላለፍ መሆኑን በ1835 አሳተመ፤ ይህም አንድ ረቂቅ ሕይወት ያለው ነገር በእንስሳ ላይ በሽታ እንደሚያመጣ በማስረጃ ከታየባቸው አጋጣሚዎች የመጀመሪያው ሆኖ ይጠቀሳል።

ሌላው መቅሠፍት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ተከሠተ። የታመሙት ትሎች በሰውነታቸው ላይ የተፈጨ በርበሬ የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ስለሚያወጡ፣ በአካባቢው ቋንቋ ቁንዶ በርበሬ ከሚባልበት ቃል ተወስዶ «ፔብሪን» የሚል ስም ወጣለት። ሌላው ምልክቱ አለመመጣጠን ነበር፤ በአንድ ቀን ከተፈለፈሉ ትሎች መካከል አንዳንዶቹ ከእንቅልፍ ወደ እንቅልፍ እያነሱ ይቀራሉ። በ1853 በመላው ፈረንሳይ 26 ሚሊዮን ኪሎ ግራም የነበረው የኮኮን ምርት በ1865 ወደ 4 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ወረደ። አርቢው ጤነኛ ዘር ፍለጋ ከጣሊያን እስከ ባልካን፣ በመጨረሻም እስከ ጃፓን ድረስ ቢያስመጣም፣ በሽታው የመጣውን ዘር እየተከተለ ያጠፋው ነበር።

በ1865 ሰኔ ወር፣ በሴቬን ግርጌ ያለችው የአሌስ ከተማ ተወላጅ የነበረው ኬሚስትና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ዣን-ባቲስት ዱማ ባቀረበለት ጥያቄ ሉዊ ፓስተር ወደዚያው ወረደ። ፓስተር ኬሚስት እንጂ የነፍሳት አዋቂ አልነበረም፤ በአቪኞ የጎበኘው የነፍሳት ተመራማሪው ዣን-ሄንሪ ፋብር በኋላ እንደተረከው፣ ኮኮን በጆሮው አጠገብ ነቅንቆ ውስጡ አንዳች ነገር መኖሩን በመገረም ጠይቆ ነበር። በታመሙት ትሎች ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታዩት እንቁላል መሰል ረቂቅ ቅንጣቶች ከእርሱ በፊት የታወቁ ቢሆኑም፣ ፓስተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የበሽታው መንሥኤ መሆናቸውን አልተቀበለም፤ በቅንጣቶቹ በተበከለ ቅጠል ጤነኛ ትሎችን እየመገበ ደጋግሞ ከፈተነ በኋላ ነው ሐሳቡን የለወጠው። ዛሬ ኖሴማ ቦምቢሲስ በሚባል ስም የሚታወቀው ይህ ተሕዋስ ባክቴሪያ ሳይሆን ለፈንገስ የሚቀርብ፣ በሕዋስ ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ነው።

የፓስተር መፍትሔ ያረፈው ዕድሜን በመለየት ላይ ነበር። እርሱ እንዳስተዋለው፣ በእንቁላሉና በትንሹ ትል ላይ ምንም የማይታይ በሽታ በፑፓውና በእሳት እራቱ ላይ ቅንጣቶቹ በዝተው በግልጽ ይታያሉ። ስለዚህ ዘሩን ከመመርመር ይልቅ ወላጇን መመርመር ይሻላል ማለት ነው። ሥራው የሚከናወነው እንዲህ ነበር፦ እያንዳንዷ እንስት የእሳት እራት ለብቻዋ በተሰጣት ትንሽ ጨርቅ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎቿን ትጥላለች፤ ከዚያም ሬሳዋ በዚያው ጨርቅ ጥግ ታጥፎ በመርፌ ይያዛል። የመመርመሪያው ጊዜ ሲደርስ የደረቀችው የእሳት እራት በትንሽ ሙቀጫ ውስጥ ከጥቂት የውኃ ጠብታዎች ጋር ትደቆሳለች፤ ከድቁሱ አንዲት ጠብታ በመስታወት ላይ ተደርጋ በማይክሮስኮፕ ትታያለች፤ ቅንጣት ከተገኘባት ጨርቁ ከነእንቁላሉ ይቃጠላል፣ ካልተገኘባት ዘሩ ለሚቀጥለው ጸደይ ይቀመጣል። ዘዴው በዘር አምራቾች ቤት በሰልፍ ተቀምጠው ማይክሮስኮፕ የሚመለከቱ ሴቶች ሠራተኞች የሚተዳደሩበት አዲስ ሙያ ሆነ።

ከአራተኛው እንቅልፍ በኋላ

ፔብሪን ከተለየ በኋላም ግን ዘራቸው ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠ ትሎች በመጨረሻው ዕድሜያቸው በጅምላ መሞታቸው አልቀረም። ፓስተር በ1867 ይህ ሁለተኛ፣ የተለየ በሽታ መሆኑን ተረዳ፤ ፈረንሳዮች «ፍላሼሪ» ይሉታል፣ መልፈስፈስ እንደማለት ነው። አራቱንም እንቅልፎች በደህና ያለፈው ትል በድንገት መብላት ይተዋል፣ ይልፈሰፈሳል፣ በሞተ በአንድ ቀን ውስጥ ጠቁሮ ይሸታል። ፓስተር የእነዚህን ትሎች አንጀት ሲመረምር ቅጠሉ እንደ ጠላ ጥንስስ እየፈላ፣ በባክቴሪያዎችና እንደ መቁጠሪያ በተያያዙ ረቂቅ ክቦች ተሞልቶ አገኘው።

እንቆቅልሹ ባክቴሪያዎቹ ከሩቅ የመጡ አለመሆናቸው ነበር። በየቅጠሉ ላይ ያሉ፣ ጤነኛው ትልም ዕለት ዕለት የሚውጣቸው ናቸውና፣ ሌላውን ሳይነኩ አንዱን የሚገድሉት ለምንድን ነው? ፓስተር መልሱን በትሉ አቋም ውስጥ ፈለገው፤ ሙቀት፣ እርጥበት፣ መጨናነቅ ወይም ከወላጅ የወረደ ድካም የትሉን የመፍጨት ኃይል ሲያዳክም ባክቴሪያው ሥፍራ ያገኛል አለ። ለዚህ በሽታ ማይክሮስኮፕ ብቻውን ስላልበቃው አርቢዎችን የመከራቸው በዐይናቸው እንዲመርጡ ነበር፦ ከአራተኛው እንቅልፍ በኋላ ነቅተው ወደ ቁጥቋጦው በፍጥነት የሚወጡት ትሎች ለዘር ይጠበቁ፣ የሚንፏቀቁት ግን ክራቸው እንጂ ዘራቸው አይወሰድ። በጥቅምት 1868 በደረሰበት የአንጎል ደም መፍሰስ ግራ ጎኑ ቢሸነፍም ሥራውን ቀጥሎ በ1870 ጥናቱን በመጽሐፍ አሳተመ። ትሉ ራሱን በምን እንደሚከላከል ግን መጽሐፉ መልስ አልሰጠም፤ የትል «ኃይል» የሚባለው ነገር ገና ስም እንጂ አካል አልነበረውም።

ባክቴሪያ ከትሉ ጋር የሚገናኝበት ዋና በር አንጀት መሆኑን በ1901 የጃፓኑ ተመራማሪ ኢሺዋታ ያገኘው በድንገት የሚጥል በሽታ ይበልጥ አጠናከረው። የዚህ በሽታ መንሥኤ የሆነው ባክቴሪያ በ1911 በጀርመን በዱቄት በሚራባ የእሳት እራት እጭ ውስጥ እንደገና ተገኝቶ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ተባለ። ባክቴሪያው የሚሠራው ፕሮቲን በእጩ አንጀት ውስጥ ሟሙቶ የአንጀቱን ግድግዳ ስለሚበሳ፣ የሐር አርቢው ጠላት የነበረው ተሕዋስ ኋላ ለሌላው ገበሬ የተባይ ማጥፊያ ለመሆን በቃ።

ደም ሲመረመር

ለትሉ «ኃይል» አካል የሰጠው የመጀመሪያው ሐሳብ ከባሕር እንስሳ መጣ። ሩሲያዊው ኤልያ ሜችኒኮፍ በ1882 በመሲና የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ እሾህ ወግቶ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ሲከብቡ አየ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም የውኃ ቁንጫ በሚባለው ትንሽ ፍጡር ውስጥ ሕዋሳቱ ወራሪውን ፈንገስ ሲውጡ ተመለከተ። ሜችኒኮፍ የመረጣቸው አካላቸው እንደ መስታወት አሳልፎ የሚያሳይ ፍጡራን በመሆናቸው ውጊያው በሕይወት ሳሉ ሊታይ ቻለ። ነፍሳትም በደማቸው፣ በትክክለኛ ስሙ በሄሞሊምፍ፣ ውስጥ እንዲህ ያሉ በላዒ ሕዋሳት አሏቸው፤ ሄሞሊምፍ በደም ሥር የማይዘዋወር፣ የውስጥ አካላትን በሙሉ አጥልቆ የያዘ ፈሳሽ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት በፈረንሳይ አንድሬ ፓዮ በሰብል አጥፊ ትሎች ላይ፣ ሰርጌ ሜታልኒኮፍ ደግሞ በንብ ቀፎ ገብቶ ሰም በሚበላው የእሳት እራት እጭ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ አስቀድሞ የሞተ ወይም የደከመ ባክቴሪያ የተወጉ እጮች በኋላ ገዳይ መጠን ሲሰጣቸው ተቋቁመው መትረፋቸውን አሳዩ። ነገሩ ክትባት ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ክትባት የሚሠራው ፀረ-እንግዳ አካል በሚባሉ፣ አንዱን ጠላት ለይተው በሚያስታውሱ ፕሮቲኖች ሲሆን፣ በነፍሳት ደም ውስጥ እነዚህ ጨርሶ አልተገኙም። ጥበቃው በፍጥነት የሚመጣና በአብዛኛው አንዱን ባክቴሪያ ከሌላው የማይለይ በመሆኑ ምንነቱ ለሃምሳ ዓመታት ሳይፈታ ቆየ።

እንቆቅልሹን የፈታው የስዊድኑ ሃንስ ቦማን ነው፤ ለመፍትሔውም ወሳኝ የሆነው የመረጠው የዕድገት ደረጃ ነበር። ቦማን በ1972 የፍራፍሬ ዝንብ በባክቴሪያ ስትወጋ ፀረ-ባክቴሪያ ኃይል እንደምታፈራ ከባልደረቦቹ ጋር ቢያሳትምም፣ ከዝንብ የሚገኘው ደም ለኬሚካል ምርመራ የማይበቃ ሽርፍራፊ ሆነበት። ስለዚህ ወደ ሰሜን አሜሪካዋ ግዙፍ የሐር እሳት እራት፣ ወደ ሴክሮፒያ ዞረ። የዚህች ነፍሳት ፑፓ፣ ማለትም በእጭና በክንፋማው መካከል ያለው የማይበላና የማይንቀሳቀስ ደረጃ፣ ክረምቱን የሚያሳልፈው በድንዛዜ ነው፤ በዚህ ጊዜ የዕድገት ሥራ ስለሚቆም አካሉ አዲስ ፕሮቲን የሚሠራው እጅግ በጥቂቱ ነው። በዚህ በተኛ አካል ውስጥ ባክቴሪያ ሲወጋ ግን የመከላከያው ክፍል ብቻውን ይነቃል። ተመራማሪዎቹ ከባክቴሪያው ጋር የጨረራ ምልክት ያለው አሚኖ አሲድ፣ የፕሮቲን መሥሪያ ማለት ነው፣ ጨምረው ሲወጉና ከቀናት በኋላ ደሙን ሲመረምሩ፣ ምልክቱን የተሸከሙት አዳዲስ ፕሮቲኖች የመከላከያው ፕሮቲኖች ሆነው ተገኙ፤ ሁሉ በተኛበት ቤት መብራት የበራበት አንድ ክፍል እንደሚለይ ያህል ነበር። በ1981 ከእነዚህ ውስጥ ሴክሮፒን የተባሉት፣ የባክቴሪያን ሽፋን የሚበሱ አጫጭር ፕሮቲኖች አሠራር ታወቀ፤ ሴክሮፒን ኤ 37 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሰደሩበት ነው። በእንስሳት ዓለም በስፋት የሚገኙት ፀረ-ተሕዋስ ፔፕታይዶች ጥናት ከዚህ ፑፓ ተነሥቶ ተስፋፋ።

ጀርባና ሆድን የሚለየው ዘረ-መል

ሴክሮፒን መሣሪያው ከሆነ፣ መሣሪያውን እንዲሠራ የሚያዘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የተመለሰው ስለ በሽታ ምንም ከማያስቡ ተመራማሪዎች ሥራ ተነሥቶ ነው። በጀርመን ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርትና ባልደረቦቿ የፍራፍሬ ዝንብ ፅንስ የትኛው ጎኑ ጀርባ፣ የትኛው ሆድ እንደሚሆን በምን እንደሚወሰን ሲፈልጉ፣ ሲበላሽ ፅንሱን ሆድ አልባ የሚያደርግ ዘረ-መል አገኙ፤ በጀርመንኛ የአድናቆት ቃል ከሆነው ተወስዶም «ቶል» ተባለ። ቶል በሕዋስ ሽፋን ላይ ተቀምጦ ከውጭ የሚመጣውን ምልክት ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ ፕሮቲንን የሚያዝ ዘረ-መል ነው፤ ምልክቱ ወደ ሕዋሱ አስኳል የሚያስገባው ሌላው ፕሮቲን ደግሞ በአጥቢ እንስሳት የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ከሚታወቀው የዘረ-መል አስነሺ ጋር ዝምድና እንዳለው ታወቀ።

ይህን ዝምድና የተከታተለው የስትራስቡርጉ የዡል ሆፍማን ቡድን ነው። ሆፍማን የሙያ ሕይወቱን የጀመረው በአንበጣ ሲሆን፣ በመካከሉ ለዓመታት የሠራው ነፍሳት ቆዳቸውን እንዲጥሉ በሚያዘው ኤክዳይሶን በተባለው ሆርሞን ላይ ነበር። በ1996 ብሩኖ ለሜትርና ባልደረቦቹ በዚሁ ቤተ ሙከራ እንዳሳተሙት፣ ቶል የተበላሸባቸው ጎልማሳ ዝንቦች በፈንገስ ሲጠቁ ፀረ-ፈንገስ ፔፕታይድ ማፍራት ተስኗቸው ይሞታሉ፤ ሬሳቸውንም የፈንገሱ ክር ይወርሰዋል። ከአንድ ዓመት በፊት ከዚያው የተገኘው «አይኤምዲ» የተባለው ሁለተኛ መሥመር በአብዛኛው በግድግዳቸው አሠራር ግራም-ኔጋቲቭ የሚባሉትን ባክቴሪያዎች ይቋቋማል፤ ቶል ደግሞ ከፈንገስ በተጨማሪ ብዙዎቹን ግራም-ፖዚቲቭ ባክቴሪያዎች ይመለከታል። ባክቴሪያው መምጣቱን የሚያውቀው የግድግዳውን ስባሪ የሚይዝ ፕሮቲን ሲሆን፣ ይህ ፕሮቲን በመጀመሪያ ተነጥሮ የወጣው፣ በዚያው በ1996፣ በጃፓን ከሐር ትል ደም ነው። ሰውም የቶል ዘመድ የሆኑ ፕሮቲኖች እንዳሉት በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ተረጋግጦ፣ ሆፍማን ከብሩስ ቦይትለርና ከራልፍ ስታይንማን ጋር የ2011 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በፅንስ ጊዜ ጀርባን ከሆድ የሚለየው መሥመር በጎልማሳነት ወራሪን የሚመልሰው ያው መሥመር መሆኑ ዕድገትና መከላከያ ከአንድ ዕቃ የተሠሩ መሆናቸውን በማያሻማ መንገድ አሳየ።

ዕድሜ ሁሉ በየበሩ

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች የአርቢዎቹን የዕድሜ አቆጣጠር በሕዋስና በሆርሞን ቋንቋ እየተረጎሙት ሄደዋል። የእንቁላልን ጊዜ በተመለከተ፣ በ2013 በሆላንድ ሌይደን የታተመ ጥናት በዱቄት ውስጥ በሚራባው ቀይ ጥንዚዛ ላይ፣ ፅንሱን ከውጭ የሚከብበው ሴሮሳ የተባለ ስስ ሽፋን ራሱ ፀረ-ባክቴሪያ ዘረ-መሎችን እንደሚያስነሣ፣ ሽፋኑ እንዳይበቅል በተደረገባቸው እንቁላሎች ግን ባክቴሪያ በፍጥነት እንደሚራባ አሳየ። ይህ ሽፋን የሌለው የፍራፍሬ ዝንብ ፅንስ ደግሞ በመጀመሪያ ሰዓታቱ ለባክቴሪያ መልስ አይሰጥም፤ መልስ መስጠት የሚጀምረው ኤክዳይሶን ከፈሰሰ በኋላ መሆኑ በ2014 ታወቀ። ቆዳን የሚያስጥለው ሆርሞን መከላከያንም ያነቃል ማለት ነው። ይህ ሆርሞን መጀመሪያ ነጥሮ የወጣው በ1954 ሲሆን፣ ኬሚስቶቹ ቡቴናንትና ካርልሶን 25 ሚሊ ግራም ለማግኘት 500 ኪሎ ግራም የሐር ትል ፑፓ መጭመቅ አስፈልጓቸዋል።

የእንቅልፍን ጊዜ አስጊነት የሚያስረዳው የአካሉ አሠራር ነው። የነፍሳት ጠንካራ ቆዳ ከውጭ ብቻ ያለ አይደለም፤ የአንጀቱን የፊትና የኋላ ክፍል እንዲሁም የአየር ቧንቧዎቹን ከውስጥ ይለብጣል። ትሉ ቆዳውን ሲጥል ይህ ሁሉ ልባጥ አብሮ ይወጣና በምትኩ የሚተካው ገና ያልጠነከረ ይሆናል፤ ለጥቂት ሰዓታት ሁሉም በር በስሱ መጋረጃ ብቻ ይጠበቃል። ይሁንና በሩ ዘበኛ የሌለው አይደለም፤ በ1993 በሐር ትል ላይ በተደረገ ሙከራ የቆዳው የላይ ንጣፍ በስሱ ተፍቆ ባክቴሪያ ሲነካው ከሥሩ ያሉት የቆዳ ሕዋሳት ራሳቸው ሴክሮፒን መሥራት ጀምረዋል። ዋናው የሴክሮፒን ማምረቻ ግን የስብ አካል የሚባለው፣ ሥራው ከጉበት ጋር የሚነጻጸር ክፍል ነው።

ከሁሉ የከፋው መሻገሪያ ወደ ፑፓ የሚደረገው ነው፤ በዚህ ጊዜ የእጩ አንጀት ፈርሶ ሌላ አንጀት ስለሚተካ፣ በውስጡ የነበሩት ባክቴሪያዎች ወደ አካሉ የሚፈስሱበት አጋጣሚ ይከፈታል። በ1991 የትምባሆ ቅጠል በሚበላ ትልቅ ትል ላይ የወጣው ጥናት፣ አካሉ ለዚህ አስቀድሞ እንደሚሰናዳ አሳይቷል፤ የአንጀቱ ሕዋሳት በሰው እንባና ምራቅ ውስጥ የሚገኘውን ላይሶዛይም የተባለ የባክቴሪያ ግድግዳ አፍራሽ በውስጣቸው ያከማቹና፣ አሮጌው አንጀት ሲላቀቅ ወደ ክፍተቱ ይለቁታል። በሽታ ሳይመጣ፣ በዕድገቱ ሰዓት የሚደወል ደወል ነው። በተቃራኒው ደግሞ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ደካማውን ዕድሜ ለይተው ያውቃሉ፤ የንብ እጭን አበስብሶ የሚገድለው ፔኒባሲለስ ላርቬ የሚይዘው ከተፈለፈለ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያልበለጠውን እጭ ሲሆን፣ ጎልማሳዋ ንብ ግን የባክቴሪያውን ዘር ተሸክማ ስትመላለስ እንኳ አትታመምም።

የአርቢው ዐይን

የሴቬን ሐር የፓስተርን ዘዴ ይዞ ከፔብሪን ቢተርፍም፣ ቀድሞ የነበረበት ከፍታ ላይ አልተመለሰም፤ የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ርካሽ የእስያ ሐር፣ ቀጥሎም ሰው ሠራሽ ክር ገበያውን ወሰዱት፤ በሴን-ዣን-ዱ-ጋር የነበረው የመጨረሻው የክር መፍተያ ፋብሪካ በ1965 ተዘግቶ ሕንጻው ዛሬ የአካባቢው ሙዚየም ነው። ሙያው ከአገሩ ሲወጣ ጥያቄው ግን ወደ ቤተ ሙከራ ተሻግሮ ነበር፤ አርቢው «በየትኛው እንቅልፍ ነው የሚሞተው?» ብሎ ሲጠይቅ ኪሳራውን ለመገመት እንጂ የነፍሳትን ደም ለመመርመር አልነበረም። ይሁን እንጂ ወደ ቁጥቋጦው ፈጥኖ የሚወጣውን ትል ለዘር ሲመርጥ፣ አራት ጊዜ ቆዳውን ጥሎ፣ አራት ጊዜ የአንጀቱንና የአየር ቧንቧውን ልባጥ ለውጦ፣ በእያንዳንዱ በር ላይ ባክቴሪያን መልሶ የደረሰውን እንስሳ ነበር የሚመርጠው። ሳይንስ ያንን ኃይል ሴክሮፒን፣ ቶልና ኤክዳይሶን ብሎ ለመሰየም ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ የምርጫው ሰዓት ግን አልተለወጠም፣ ዛሬም ከአራተኛው እንቅልፍ በኋላ ነው።